ስም የተጻፈበት ብራና

የዱከሙ ልጅ የሚያየው የጃፓን ታሪክና የአያቶቻችን ክታብ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ዱከም፣ በእህቴ ግቢ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። በሰሜን የረር፣ በደቡብ ዝቋላ ጉም ለብሰው ይታያሉ። የአሥራ ስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፎ አኒሜ፣ የጃፓኖችን ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ያያል። እናቱ ሲኒውን ስታቀርብለት እንኳ ዓይኑን አላነሣም።

ጠጋ ብዬ አየሁ። አንድ ቀጭን ልጅ አሮጌ ደብተር ገልጧል። ከፊቱ ቤት የሚያህል መንፈስ ቆሟል። ልጁ ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀደደ፤ ወረቀቱን በከንፈሩ ያዘ፤ መዳፎቹን አጋጨ፤ ከዚያም ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። በወረቀቱ ላይ የነበሩት ፊደላት እንደ ዕጣን ጢስ ተነሥተው ወደ መንፈሱ ግንባር ገቡ። ያ አስፈሪ ፍጡር ሸክም እንደወረደለት ሰው እፎይ አለ።

«ጋሼ፣ ስሙን እኮ መለሰለት! አሁን ነጻ ወጣ» አለኝ ልጁ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «እኛ አገር እንደዚህ ስም የሚጻፍበት ነገር ነበረ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

መልሱ ከተቀመጥንበት አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። በእህቴ ሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ የአያታችን ክታብ አለ።

የሬይኮ ደብተር

ልጁ ያይ የነበረው ታሪክ «ናትሱሜ ዩጂንቾ» ይባላል፤ «የናትሱሜ የወዳጆች መዝገብ» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋም ሠዓሊዋም ዩኪ ሚዶሪካዋ፣ በደቡባዊ ጃፓን የኩማሞቶ አውራጃ ተወላጅ ናት። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐኩሴንሻ በሚያሳትመው «ላላ ዲኤክስ» መጽሔት ላይ በማንጋ፣ ማለትም ጃፓኖች በሥዕል እያስከተሉ በሚተርኩበት መንገድ፣ መውጣት ጀመረ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በታካሂሮ ኦሞሪ አዘጋጅነት በተንቀሳቃሽ ሥዕል ተሠርቶ በቴሌቪዥን ቶኪዮ ቀረበ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 13 ክፍሎች ነበሩት። ሰባተኛው ምዕራፍ የታየው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በሥዕሉ የምናየው ወንዝ፣ ድልድይና የገጠር መንገድ ሂቶዮሺ ከተባለችው የኩማሞቶ ትንሽ ከተማ አካባቢ የተቀዳ ነው።

ታካሺ ናትሱሜ እናት አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ሲዘዋወር ያደገ ልጅ ነው። ሌላው ሰው የማያያቸውን ዮካይ ያያል። ዮካይ በጃፓን ተረት በተራራና በወንዝ፣ በአሮጌ ዛፍና በአሮጌ ዕቃ ሳይቀር ያድራሉ የሚባሉ ፍጥረታት ናቸው። ሴት አያቱ ሬይኮም እንደ እሱ ታያቸው ነበር። ሰው ስለሸሻት ብቸኛ ነበረችና ያገኘችውን ዮካይ ለግጥሚያ ትጠራዋለች፤ ካሸነፈችው ስሙን በወረቀት ታስጽፈዋለች። ወረቀቶቹ ተጠርዘው ደብተር ሆኑ። የአንዱን ስም የያዘ ሰው ያንን ዮካይ እንዳሻው ያዝዛል፤ ወረቀቱ ከተቃጠለም ባለስሙ አብሮ ይቃጠላል።

ደብተሩ ለልጅ ልጇ ሲደርስ ምርጫው የእሱ ሆነ። በእነዚህ ስሞች ጌታ መሆን ይችል ነበር። እሱ ግን ስሞቹን አንድ በአንድ ለባለቤቶቻቸው ለመመለስ ተነሣ። ኃያሉ መንፈስ ማዳራ የሸክላ ድመት መስሎ ከጎኑ ይሄዳል። ናትሱሜ ሲሞት ደብተሩን ሊወርስ ተዋውሎ እስከዚያ ይጠብቀዋል። ስም ሲመለስ የሬይኮ ትዝታ አብሮ ይገለጣል። ልጁ የማያውቃትን አያቱን የሚያውቃት ስም በመመለስ ነው።

በዚያው 2003 ሌላም የስም ታሪክ በጃፓን ወጥቷል። ጽጉሚ ኦባ የደረሰው፣ ታኬሺ ኦባታ የሣለው «ዴዝ ኖት» በዓለም ዙሪያ ከታወቁት ማንጋዎች አንዱ ነው። በዚያኛው ደብተር ስሙ የተጻፈ ሰው ይሞታል። በአንዱ ደብተር ስም ይገድላል፣ በሌላው ያስራል፤ ሲመለስ ደግሞ ይፈታል። በሁለቱም ሥር ያለው እምነት አንድ ነው፤ ስም የሰውየው አካል ነው፣ የተጻፈ ስምም ኃይል አለው።

አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው

ዛሬ «አስማት» ሲባል በጆሯችን የሚመጣው መተትና ድግምት ነው። በግዕዝ ግን ቃሉ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። አንድ ሲሆን ስም፣ ሲበዛ አስማት። ደብተራው «አስማት ያውቃል» ሲባል ስሞችን ያውቃል ማለት ነበር፤ የፈጣሪን ኅቡዕ ስሞች፣ የመላእክትን ስሞች፣ የአጋንንትን ስሞች። አንድ ቃል ከስም ወደ ድግምት እስኪሻገር ድረስ ስንት ትውልድ በስም ኃይል አምኖ እንደኖረ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ከሟች ጋር የሚቀበረው «ልፋፈ ጽድቅ» ይህን እምነት ይዞ የቆመ ነው። በትረካው እመቤታችን ማርያም ስለ ዘመዶቿ ተጨንቃ ልጇን ትለምነዋለች፤ እሱም ከእሳት የሚያድኑትን ስሞች ይገልጥላታል። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው ጸሎት ደግሞ በስሙ ይናገራል። መርበብት መረብ ነው። ጠቢቡ ንጉሥ አጋንንትን ዓሣ አጥማጅ ዓሣን እንደሚይዝ በስሞች መረብ ያዛቸው ይላል። በጎንደርና በሌላውም አካባቢ የዛር ባለሟሎች ሥራቸውን የሚጀምሩት በዚሁ በር ነበር። በታመመችው ላይ ያደረው ዛር በመጀመሪያ ስሙን እንዲናገር ይጠየቃል። ስሙን ከተናገረ፣ ፉከራውን ከፎከረ፣ ማንነቱ ታውቋልና ከእሱ ጋር መነጋገር ይቻላል።

የስም ነገር ከቤተ መንግሥትም ደርሷል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጠንቋይና በባዕድ አምልኮ ላይ ጽኑ ዘመቻ ከፍተው ነበር። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዶቹም ዲያብሎስን መካዱን እንዲጽፍ አዘዙ። እምቢ ያለ ተቀጣ። አስማተኛን ያሳደዱት ንጉሥ ራሳቸው ከክፉ ለመከላከል የመረጡት መሣሪያ በሰው ገላ ላይ የተጻፈ ስም ነበር።

ጃፓኖችም በገላ ላይ ስለሚጻፍ ጽሑፍ የሚተርኩት አላቸው። ላፍካዲዮ ኸርን የተባለው ደራሲ በኩማሞቶ መምህር ሆኖ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው «ክዋይዳን» በተሰኘ መጽሐፉ ቢዋ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ይደረድር የነበረውን የዓይነ ስውሩን የሆይቺን ታሪክ መዝግቧል። ሙታን መናፍስት እንዳያዩት መነኮሳት መላ አካላቱን በቅዱስ ጽሑፍ ሸፈኑት። ጆሮዎቹን ግን ረሱ። መንፈሱ በመጣ ጊዜ ያየው ሁለት ጆሮ ብቻ ነበርና እነሱን ነጥቆ ሄደ። ይህን ታሪክ ያነበበ ኢትዮጵያዊ የእኛ ክታብ ርዝመቱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም።

ውርዝልያና ሱስንዮስ

በአገራችን ክታቦች ላይ በብዛት የሚገኘው ጸሎት ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ሱስንዮስ የተባለ ሰው አግብቶ ልጅ ወለደ። ውርዝልያ የምትባል ሴት ወደ ቤቱ ገብታ ሕፃኑን ገደለች። እናት ስትጮኽ የሰማው አባት ጦሩን ይዞ በፈረሱ ተከተላት። በመንገድ አንዲት አሮጊት አግኝቶ ጠየቀ፤ ወደ ገባችበት የአትክልት ስፍራ አመለከተችው። በአጋንንት ተከብባ አገኛት፤ ከፈረሱ ወርዶ ጸለየና በጦሩ ወጋት። ያን ጊዜ ውርዝልያ በመላእክት ማለች፤ ስምህ ባለበት ስፍራ ከቶ አልደርስም አለች።

በክታቡ ሥዕል ሱስንዮስ በፈረስ ላይ ሆኖ፣ ውርዝልያ ከሥሩ ወድቃ ትታያለች። ጽሑፉ ታሪኩን ይነግራል፣ ሥዕሉ ቅጽበቱን ያሳያል፣ መሐላው ደግሞ ከአንባቢዋ ቤት ይገባል። ስሙ እዚህ ተጽፏልና እዚህ አትመጣም። መሐላዋ እንዲጸና ስሙ በየቤቱ መጻፍ ነበረበት።

ይህን ጸሎት ማን ያስጽፍ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ እየወለደች የምትቀብር እናት ናት። ሕመሙን «ሾተላይ» ይሉት ነበር፤ እስከ ዛሬም በየቤቱ ይሉታል። ሐኪሞች በዚህ ስም የሚያስረዱት አንዱ ምክንያት የእናትና የፅንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። በወሊድ ጊዜ ግን ደማቸው ሲገናኝ የእናት ሰውነት የመከላከያ ኃይል ያዘጋጃል፤ ያም ኃይል ተከታዮቹን ፅንሶች ያጠቃል። ዛሬ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ አንቲ ዲ የተባለ መርፌ ይህን ይከላከላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሁሉ የደም ዓይነቷን አስቀድማ ማወቅ አለባት።

መርፌው ባልነበረበት ዘመን ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ልጇን የቀበረች ሴት ምን በእጇ ነበረ? ለደረሰባት ነገር ስም ትሰጠዋለች። ስሙን ታስጽፋለች። የራሷንም ስም ከጎኑ ታስጽፋለች። ክታቡን ሳነሣ በእጄ የምይዘው የዚያን ሐዘን ሰነድ ነው።

በቁመት ልክ የተቆረጠ ብራና

ክታብ የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው። ደብተራው በመጀመሪያ የክርስትና ስም ይጠይቃል። በአገራችን ሰው በሠፈር የሚጠራበት ስም አንድ፣ የክርስትና ስሙ ሌላ ነው። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሚካኤል። የክርስትናውን ስም ቤተሰብና የንስሐ አባት ያውቁታል፤ በሰው ፊት ግን አይጠሩበትም ነበር፤ ክፉ የሚያስብ እንዳይሰማው። ሬይኮ ከዮካዮቹ የነጠቀችው ይህን የመሰለውን ስም ነው።

ቀጥሎ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ይዘጋጃል። ቆዳው ተወጥሮ ጠጉሩና ስቡ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ከብራናው ረዘም ያለ ጠባብ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይወጣና በቀጭን ጠፍር ጫፍ ለጫፍ ይያያዛል። ርዝመቱ የባለቤቱን ቁመት ያህላል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ሳይጠበቅ የሚቀር አካል እንዳይኖር ነው። የሆይቺ ጆሮ የተረሳበት ስሕተት በእኛ ደብተራ ሙያ አስቀድሞ ታስቦበት ነበር።

ጽሑፉ በመቃ ብዕር፣ በጥቁር ቀለም ይጻፋል። የጸሎቱ መጀመሪያና የተለዩ ስሞች በቀይ ይደምቃሉ። በመሀል ሥዕሎቹ ይመጣሉ፤ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ በመሀሉ የሰው ፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይን። ብዙ ዓይን፣ ትልልቅ ዓይን፣ የሚመለከተውን መልሶ የሚመለከት ዓይን። ጠልሰም የሚባለው ይህ ነው። ክፉው መንፈስ በታመመችው ዓይን በኩል ሥዕሉን ሲያይ ደንግጦ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። ካለቀ በኋላ ይጠቀለልና በቆዳ ማኅደር ይሰፋል፤ በአንገት ይንጠለጠላል ወይም ከአልጋ በላይ ይሰቀላል።

ቤተ ክርስቲያን ጠልሰምንና ድግምትን ስታወግዝ ኖራለች፤ የሚጽፉት ግን በቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ ዜማና ቅኔ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ መፋተግ የታሪካችን አካል ነው። ክታብን ታሪክ ብሎ ማንበብና በክታብ ማመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይተን ብንይዝ ለአማኙም ለተመራማሪውም ይበጃል።

ሥዕልና ትረካን ማጣመር ለእኛ አዲስ አይደለም። የተአምረ ማርያም መጻሕፍት አንዱን ተአምር በተከታታይ ሥዕሎች ያሳያሉ፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በአርባ አራት ክፍል ከፋፍለው የሚሥሉ ሠዓሊዎች ነበሩን። ከእህቴ በረንዳ የሚታየው ዝቋላም ራሱ የሥዕል ትረካ አለው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር ከብቧቸው፣ ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይሣላሉ። በተራራው አናት ባለው ሐይቅ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ መቶ ዓመት ጸለዩ ይላል ገድላቸው። በጥቅምትና በመጋቢት አምስት ለክብረ በዓል የሚወጣው ምእመን በዚህ በዱከም መንገድ ያልፋል።

የተፋቀው ስም

ወደ አያታችን ክታብ ልመለስ። ከነጠላው አውጥቼ በረከቦቱ አጠገብ በንጹሕ ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁት። ብራናው ጠርዙ ላይ ጠቁሯል፣ የእጅ ወዝ አለው። ልጁ ስልኩን አስቀመጠ።

በሦስት ቦታ «ለአመትከ» የሚል አለ፤ «ለባሪያህ» ማለት ነው፣ ለሴት ሲነገር። ከእሱ ቀጥሎ የአያታችን የክርስትና ስም ተጽፏል። ወደ ብርሃን አቅርበን ስናየው ግን «ወለተ» የሚለው በአንድ እጅ፣ ከእሱ የሚቀጥለው በሌላ እጅ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ቃል ያለበት ቦታ ብራናው ሳስቷል። በቢላ ተፍቋል። የቀድሞዋ ባለቤትም ስሟ በ«ወለተ» የሚጀምር ነበረና ጸሐፊው ያንን ትቶ የተቀረውን ብቻ ፍቆ የአያታችንን ስም ተካ።

ይህ በብዙ ክታቦች ላይ የሚታይ ነገር ነው። ብራና ውድ ነበር። ባለቤቷ ስትሞት ወይም ሲቸግራት ክታቡ ይወረሳል፣ ይሸጣል፤ የቀድሞው ስም ይፋቅና አዲሱ ይጻፋል። በአንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ የተፋቀ ይገኛል።

ዜና መዋዕሎቻችን የነገሥታቱን፣ የመሳፍንቱን፣ የጳጳሳቱን ስም ጠብቀውልናል። ውኃ የቀዳችውን፣ ጥጥ የፈተለችውን፣ ልጅ የቀበረችውን ሴት ስም ግን የት እናገኛለን? እርሻ ሲሸጥ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ጠርዝ ላይ የባለ መሬቶች ስም ይመዘገባል። መሬት የሌላትስ? ስሟን ከያዙት ጥቂት የሰነድ ዓይነቶች አንዱ ክታብ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ስም በእነዚህ ጠባብ ብራናዎች ላይ ተጽፏል፤ ከስማቸውም ጋር የሚፈሩት ሕመም ተጽፏል። በእኔ እምነት የክታብ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

ከመቅደላ እስከ ፓሪስ

ከእነዚህ ስሞች ጥቂት የማይባሉት ዛሬ ከአገር ውጭ ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከዚያ የሄዱ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና ጽሑፎች ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በ1924 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳዮች የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ደረሰ። ቡድኑ ከአቡነ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ ወሰደ። ከቡድኑ አንዱ ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ በተባሉ ታዋቂ የዛር ባለሟል ቤት እየተቀመጠ የዛሮቹን ስም፣ ፉከራቸውንና ጠባያቸውን በማስታወሻው መዘገበ። ከ300 በላይ የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎችና ክታቦች በዚያ ጉዞ ወደ ፓሪስ ሄደው በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። በኋላ ዣክ መርሲዬ ከደብተራዎች ጋር ዓመታት ሠርቶ ስለ ክታብ የጻፋቸው መጻሕፍት ዕውቀቱን ለዓለም አስተዋወቁ።

በአገር ቤትም የቀረ አለ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ክታቦችን ይጠብቃል። ከሁሉ የሚበዛው ግን እንደ እኛ ቤት በየሳጥኑ፣ በየምሰሶው ተሰቅሎ ያለው ነው።

ጃፓኖች ምን አደረጉ?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ ጻፉ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነበር። የዚያ ዘመን ምሁራን ከጃፓን ሊማሩ የፈለጉት ፋብሪካውን፣ ትምህርት ቤቱንና ጦሩን ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ትምህርት አለ፤ የአያትን ተረት አለመጣል።

ቶሪያማ ሴኪየን የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1776 ዮካዮችን እያንዳንዳቸውን ከነስማቸው ሥሎ አሳተመ። ከእሱ ወዲህ እነዚያ ፍጥረታት መልክና ስም ኖራቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሺገሩ ሚዙኪ መጣ። በልጅነቱ በሳካይሚናቶ ከተማ «ኖንኖንባ» ብለው የሚጠሯቸው አንዲት አሮጊት የዮካይ ተረት ይነግሩት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኒው ብሪተን ደሴት ግራ እጁን አጣ። አገሩ ሲመለስ በቀኝ እጁ የአሮጊቷን ተረት መሣል ያዘ። «ጌጌጌ ኖ ኪታሮ» የተባለው ማንጋው እ.ኤ.አ. በ1968 በቶኤይ ስቱዲዮ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ለየትውልዱ እንደገና ተሠርቷል፣ ስድስተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ናትሱሜ የመጣው ከዚህ መስመር ነው። አሮጊት ለልጅ ነገረች፣ ልጅ ሣለ፣ ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ፣ ዛሬ ዱከም ደረሰ።

እኛም ጀምረናል። እስክንድር ቦጎስያን የክታብን ዓይንና ጥቅልል ወደ ዘመናዊ ሸራ አምጥቶ በዓለም አሳይቷል። ዘሪሁን የትምጌታ የጠልሰምን ሥዕል በቀርቀሃ ላይ አዲስ ሕይወት ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር» የተባለ የኢትዮጵያዊ ጀግና ኮሚክ አውጥቷል። ውርዝልያና ሱስንዮስ፣ የመርበብተ ሰሎሞን አጋንንት፣ በዱከምና በቢሾፍቱ ዙሪያ ሽማግሌዎች የሚተርኩት የኦሮሞ አያና፣ ሁሉም የሚጠብቁት የሚሥላቸውን እጅ ነው። ይህን የሚሠራው ወጣት ግን አስቀድሞ ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ፣ ብራናውን ያንብብ። ሚዙኪ ከአሮጊቷ እግር ሥር ተቀምጦ ሰምቷል።

ቁመቷ

ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ስትል ልጁ ክታቡን ዳር እስከ ዳር እንድዘረጋው ጠየቀኝ። ጫማውን አውልቆ ከብራናው ጎን በጀርባው ተጋደመ። የክታቡ አናት በተረከዙ ትክክል ሲሆን ጫፉ ትከሻው ላይ አለቀ።

«አያታችን እንዲህ አጭር ነበሩ?» አለ።

እህቴ ሣቀች። አያታችን ረጅም ሴት ነበሩ፤ የበሩን ጉበን ጎንበስ ብለው ነበር የሚያልፉት። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ዝም አልን። ክታቡ የተቆረጠው በእሳቸው ቁመት አልነበረም። የተቆረጠው ስሟ በተፋቀው ሴት ቁመት ነው።

ማን እንደነበረች አናውቅም። «ወለተ» ከሚለው በቀር ከስሟ የቀረ የለም። እስከ ልጁ ትከሻ የምትደርስ ሴት አንድ ቀን በደብተራው ፊት ቆማ ተለክታለች፤ ልጇ እንዲተርፍላት። ስሟን ቢላ ወሰደው፤ ቁመቷ ግን እዚህ በምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል።

ልጁ ተነሥቶ ብራናው ላይ ጎንበስ አለ። ጣቱን ሳያስነካ፣ የሳሳው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወለተ...» ብሎ አነበበ፤ የአያታችንን ስም ከመጥራቱ በፊትም ለሌላኛዋ የሚበቃ ያህል ጊዜ ዝም አለ።